ላፕቶፑ ቢበላሽም መረጃው ይተርፋል፦ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክን በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስለመጠቀም

ላፕቶፕ በብዙ ምክንያት ይበላሻል። ስክሪኑ ይሰበራል፣ የቻርጀሩ መሰኪያ ይላላል፣ ውኃ ወይም ሻይ ይፈስበታል፣ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ከእነዚህ ብልሽቶች አብዛኞቹ ግን መረጃው የተቀመጠበትን ክፍል፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩን፣ አይነኩትም። ላፕቶፑ አልበራ ስላለ ብቻ በውስጡ ያለው ሰነድ፣ ፎቶግራፍ ወይም የሒሳብ መዝገብ ጠፋ ማለት አይደለም። ዲስኩን አውጥቶ በሚሠራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በመግጠም መረጃውን መመለስ በብዙ ሁኔታ ይቻላል።

ይህን ማወቅ በጭሮና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከተሞች ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርና ወይም በመቻራ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን አባል ዕጣ፣ የቡናና የእህል ርክክቡን እንዲሁም የትርፍ ክፍፍሉን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተመራቂ የወራት ድካሙን፣ አንድ ፎቶ ቤት የደንበኞቹን የሠርግ ምስል፣ አንድ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን እንዲሁ። ላፕቶፑ ሲበላሽ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከመሄድ ወይም መረጃው ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በካቻቪቴና በአንድ ኬብል ምን መሥራት እንደሚቻል መረዳት ተገቢ ነው።

ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው። ቀድሞ የሚመጣው መረጃውን መቅዳት ነው። ዲስኩን ለሌላ አገልግሎት ማዋል የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ላፕቶፑ ሲበላሽ ያላጣውን መረጃ በገዛ እጁ ሊያጠፋው ይችላል።

መጠኑ ቢለያይም መሰኪያው አንድ ነው

ሃርድ ዲስክ በመግነጢሳዊ ንጣፍ የተሸፈኑ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ክብ ሳህኖችን የያዘ የታሸገ ሣጥን ነው። መረጃውን የሚያነብና የሚጽፍ ጥቃቅን ራስ ከሳህኑ በላይ በቀጭን አየር ላይ ተንሳፎ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ሲቀርብ ከቁም ሣጥን የሚስተካከል ግዙፍ መሣሪያ ነበር፤ መያዝ የሚችለውም 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ የላፕቶፕ ዲስክ ከዚያ በመቶ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ መረጃ ይይዛል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኙት ሁለት መጠኖች ናቸው። የዴስክቶፕ ዲስክ 3.5 ኢንች የሚባለው ሲሆን ወርዱ ወደ 102 ሚሊሜትር ይጠጋል። የላፕቶፕ ዲስክ 2.5 ኢንች ይባላል፤ ወርዱ 70 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 9.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ የመጠን ልዩነት ብዙ ሰዎች የላፕቶፕ ዲስክ በዴስክቶፕ ላይ አይሠራም ብለው እንዲያስቡ አድርጓቸዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ገበያ የገባው ሳታ የተባለው የመሰኪያ ደረጃ ለሁለቱም መጠኖች አንድ ዓይነት ነው። ሰባት ሽቦ ያለው ጠባቡ መሰኪያ መረጃ ያስተላልፋል፤ አሥራ አምስት ሽቦ ያለው ሰፊው መሰኪያ ኃይል ያቀብላል። የዴስክቶፑ ኬብል የላፕቶፑን ዲስክ ያለ ምንም መለወጫ ይቀበላል።

በኃይል በኩልም ችግር የለም። የላፕቶፕ ዲስክ የሚሠራው በ5 ቮልት ብቻ ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 5 ቮልትም 12 ቮልትም ስለሚሰጥ ትንሹ ዲስክ የሚፈልገውን ከዚያ ያገኛል። ተቃራኒው ግን አይሠራም። የዴስክቶፕ ዲስክ ሞተሩን ለማዞር 12 ቮልት ስለሚፈልግና ስለሚወፍር በላፕቶፕ ውስጥ አይገባም።

በመጀመሪያ የዲስኩን ዓይነት መለየት

ላፕቶፑ ከመፈታቱ በፊት ባትሪውና ቻርጀሩ መነቀል አለባቸው። ዲስኩ ከወጣ በኋላ ከሚከተሉት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለያል።

የመጀመሪያው ባለ ሳታ መሰኪያ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነው። በአብዛኞቹ አገልግሎት ላይ በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ይህ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ በዲስኩ ጫፍ ተጨማሪ ቁራጭ መሰኪያ ተገጥሞ ሊገኝ ይችላል። ይህ የላፕቶፑ እንጂ የዲስኩ አካል አይደለም፤ በቀስታ ሲሳብ ይወጣል፤ ከሥሩም የተለመደው ሳታ መሰኪያ ይታያል።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ ነው። መጠኑና መሰኪያው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አገጣጠሙም ከሃርድ ዲስኩ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛው ኤም ዶት ቱ የሚባለው፣ ማስቲካ የሚመስል ቀጭን ካርድ ነው። ይህ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሳታ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ በተባለው ፈጣን መንገድ ይሠራል። የቅርብ ጊዜ ዴስክቶፖች ማዘርቦርዳቸው ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አላቸው፤ የቆዩት ግን ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሠራ ማቀፊያ ያስፈልጋል። ማቀፊያ ሲገዛ ካርዱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ማቀፊያ ሌላውን ላያነብ ይችላል።

አራተኛው በጣም የቆየው፣ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 44 ቀጫጭን መርፌዎች ያሉት አይዲኢ የሚባለው ዓይነት ነው። የዛሬ ዴስክቶፖች ለዚህ ቦታ ስለሌላቸው ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ በሚለውጥ መሣሪያ መጠቀም ይሻላል።

የመጨረሻው ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የሚሠራ ማከማቻ ነው። በአንዳንድ ርካሽ ቀጫጭን ላፕቶፖችና በቅርብ ዓመታት በተሠሩ የአፕል ማክቡኮች ውስጥ ይገኛል። ይህን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መግጠም አይቻልም፤ መረጃውን ለማግኘት ላፕቶፑ ራሱ መጠገን ይኖርበታል።

በኪስ ለሚያዙ የውጭ ሃርድ ዲስኮችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ሣጥናቸው ሲከፈት ሳታ መሰኪያ አይገኝባቸውም፤ የዩኤስቢ መሰኪያው በቀጥታ በዲስኩ ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ውስጥ እገጥመዋለሁ ብሎ ሣጥኑን መስበር ትርፉ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

አገጣጠሙ

መረጃ ለመቅዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ኬብል ነው። የላፕቶፕ ዲስክ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ በመሆኑ ከዩኤስቢው ራሱ ያገኛል፤ የዴስክቶፑን ኬዝ መክፈትም አያስፈልግም። ዲስኩ ደጋግሞ ቢጠፋና ቢበራ የኃይል ማነስ ሊሆን ስለሚችል ኬብሉን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጀርባ በሚገኘው መሰኪያ መሞከር ይጠቅማል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 መሰኪያ 100 ጊጋባይት መረጃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በአብዛኛው ሰማያዊ ቀለም ያለው ዩኤስቢ 3 ግን ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥራል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ዲስኩን በቋሚነት ለመግጠም ሲፈለግ ዴስክቶፑ ይጠፋል፤ የኃይል ገመዱም ከግድግዳው ይነቀላል። ሠራተኛው በልብሱና በእጁ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙሌት ለማስወገድ የኬዙን ያልተቀባ ብረት መንካት አለበት። ከዚያ ከማዘርቦርዱ የሚመጣው የመረጃ ኬብልና ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው የኃይል ገመድ ይሰካሉ። ሁለቱም መሰኪያዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገቡ ስለሆኑ እንቢ ካሉ በጉልበት መግፋት አይገባም።

ትንሹ ዲስክ ለትልቁ ዲስክ በተሠራው ቦታ ላይ ስለሚሰፋበት የሚያስተካክለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ማቀፊያ በገበያ ይገኛል። በብሎኑ በኩል የሚሠራ ስሕተት አለ፤ የላፕቶፕ ዲስክ የሚቀበለው አጭርና ቀጭን ብሎን ሲሆን ለዴስክቶፕ ዲስክ የተሠራው ብሎን ጥርሱም ውፍረቱም የተለየ ነው። ረጅም ብሎን በጉልበት ማስገባት የዲስኩን ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ማቀፊያ ሲጠፋ ዲስኩን በኬብሉ ተንጠልጥሎ እንዲሠራ መተው አይገባም። በዲስኩ ሽፋን ላይ የሚታየውን ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ በፕላስተር መድፈንም ክልክል ነው። እንደ ሚኤሶ ባሉ ሞቃታማ የቆላ ከተሞች ዲስኩን ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከማራገቢያው አጠገብ ማድረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

መጀመሪያ መቅዳት

ዴስክቶፑ ሲበራ በራሱ ዲስክ መነሳቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከላፕቶፑ የመጣው ዲስክም ዊንዶውስ ስላለው ኮምፒውተሩ በስሕተት በእርሱ ሊነሳና በላዩ ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ሲበራ ኤፍ2፣ ኤፍ12 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ በመጫን የመነሻ ዲስኩን መምረጥ ይቻላል።

ዲስኩ ሲገናኝ ዊንዶውስ ከሚያወጣቸው መልእክቶች አንዱ አደገኛ ነው። ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት ወይም አዲስ ዝግጅት ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። ይህ መልእክት ኮምፒውተሩ ዲስኩን ማንበብ እንዳልቻለ የሚገልጽ እንጂ ዲስኩ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም። ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ግን ብዙም አያስፈራም፤ የድሮው ላፕቶፕ ተጠቃሚ ፎልደር በመሆኑ የመጣ ነው፤ የዴስክቶፑ አስተዳዳሪ ፈቃዱን ለራሱ በመስጠት ሊከፍተው ይችላል።

ከሁሉም የከበደው እንቅፋት ምስጠራ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ዘዴ ወይም በመሰሉ መረጃውን ቆልፈው ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ሲገባ ምስጠራው ራሱ የሚጀምርባቸውም አሉ፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ዲስኩ መቆለፉን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ላፕቶፑ ደኅና እያለ ቁልፉን ራሱ ስለሚከፍት ነገሩ አይታወቅም። ዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር ግን 48 አኃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ በስልክ ገብቶ መፈለግ ይቻላል። ቁጥሩ ከሌለ ግን የትኛውም ጥገና ቤት ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ላፕቶፑ በጤናው እያለ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጦ ከቤት ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ቀላሉ መድኃኒት ነው።

ዲስኩ ሲከፈት ቅጂው ከማይተካው ይጀመር። ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና የሒሳብ መዝገቦች ይቀድማሉ፤ ፊልሞችና ፕሮግራሞች እንደገና ሊገኙ ስለሚችሉ መጨረሻ ላይ ይሆናሉ። ዲስኩ እየዘገየ ወይም እየተቋረጠ የሚያነብ ከሆነ የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራም ከማስኬድ አስቀድሞ የሚነበበውን ሁሉ መቅዳት ይገባል፤ ማስተካከያው የደከመውን ዲስክ የበለጠ ሊያደክመው ይችላል። ጠቅ ጠቅ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። ይህ ድምፅ የማንበቢያው ራስ መጎዳቱን ያመለክታል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። ዲስኩን ፈትቶ ማየትም አይገባም፤ በራሱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት ያነሰ በመሆኑ በተራ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ዲስክ ደኅና ሆኖ ለመቀጠል ያለው ዕድል ጠባብ ነው።

ከላፕቶፕ ሲወጣ ዲስኩ ባትሪውን ያጣል

ብዙዎች የማያስተውሉት ለውጥ አለ። ዲስኩ ላፕቶፕ ውስጥ ሳለ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ሥራውን ያስቀጥል ነበር። ዴስክቶፕ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ መከታ አይኖረውም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዲስኩ በድንገት ይቆማል። አምራቾች ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ ኃይል ሲቋረጥ ዲስኩ በራሱ መሽከርከር የሚያመነጨውን ጥቂት ኃይል ተጠቅሞ የማንበቢያውን ራስ ከሳህኑ ላይ ያነሳል። ነገር ግን ይህ የድንገተኛ ጊዜ መንገድ ዲስኩን ከመደበኛው አዘጋግ የበለጠ ያደክመዋል። ከዚህም ሌላ በዚያ ቅጽበት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሳይጠናቀቅ ይቀራል።

በመሆኑም የመብራት መቆራረጥ በሚያጋጥምበት ከተማ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የንግድ ቤት መዝገቡን በዴስክቶፕ የሚይዝ ከሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት ተገቢ ወጪ ነው። ዩፒኤስ ሰዓታት ማሠራት አይጠበቅበትም፤ ፋይሉን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዩፒኤስ የሌለው ደግሞ መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ጥቂት ጠብቆ መሰካት ይሻላል።

ለቋሚ አገልግሎት ይበቃል?

መረጃው ከተቀዳ በኋላ ዲስኩን በዴስክቶፑ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ጥሩ ጎኖች አሉት፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ሙቀቱ አነስተኛ ነው፣ የሚፈጀው ኃይልም ከትልቁ ዲስክ በጣም ያነሰ ነው። ደካማ ጎኑ ፍጥነቱ ነው። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ሲሽከረከሩ የተለመደው የዴስክቶፕ ዲስክ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የላፕቶፕ ዲስክ ኃይል ለመቆጠብ የማንበቢያውን ራስ ቶሎ ቶሎ ስለሚያሳርፍ ከእረፍት ሲነሳ ኮምፒውተሩ ለአፍታ ሊቆም ይችላል።

ከዚህ የተነሳ የሚሻለው ዊንዶውስን በኤስኤስዲ ላይ አድርጎ የላፕቶፑን ዲስክ ለሁለተኛ ማከማቻ ማዋል ነው። ድሮ በነበረው ዊንዶውስ እንዲሁ እንዲነሳ ማድረግም አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ ሆኖም የማዘርቦርዱ ዓይነት ስለሚለያይ ላይነሳ ይችላል፤ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው የዊንዶውስ ፈቃድም በአብዛኛው ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይሻገርም።

ዲስኩ ለአገልግሎት መብቃቱን ለማወቅ ጤንነቱን የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው አንዱ ነው። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት የተበላሹ ክፍሎችን በሌላ እንደተካና ስንቱን ማንበብ እንዳቃተው ያሳያል። ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ያሳየበት ዲስክ ፊልም ለማስቀመጥ ይሁን እንጂ ለመዝገብ አይሁን። ጤነኛ ነው የተባለውም ቢሆን ብቸኛ ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም። ያገለገለ ዲስክ ጥሩ ሁለተኛ ቅጂ ይሆናል እንጂ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መያዣ አይደለም።

ሲሸጥና ሲገዛ

የተበላሸ ላፕቶፕ ለመለዋወጫ ሲሸጥ ዲስኩ አብሮ ይሄዳል፤ መረጃውም እንዲሁ። ፋይሎችን መሰረዝ ወይም ፈጣን ፎርማት ማድረግ መረጃውን አያጠፋውም፤ ማውጫውን ብቻ ያነሳል። ሃርድ ዲስክን በእውነት ለማጽዳት ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ ከሚያሳየው ሳጥን ውስጥ ኩዊክ ፎርማት የሚለውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በባዶ ይሞላዋል። ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን የአባላት ስም፣ የመታወቂያ ቅጂና የባንክ ደብተር ቁጥር የያዘ ዲስክ ከዚህ ባነሰ ጽዳት ከእጅ ሊወጣ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌሎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት መረጃውን እንዲጠብቁ ግዴታ የጣለባቸው በመሆኑ ጉዳዩ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው በበኩሉ ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ዲስኩ በሻጩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጤንነቱ እንዲታይለት፣ ድምፁንም እንዲሰማ መጠየቅ ይገባዋል። ላፕቶፑን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ደግሞ ፎርማት ሊደረግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ መረጃው እንዲተርፍ የሚፈልግ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ማሳወቅ አለበት። የጥገና ባለሙያው ላፕቶፑን ሊያድን ይችላል፤ በውስጡ ያለው የትኛው ፋይል የማይተካ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።